ከብልጭታው በፊት ያለው ምርመራ፦ የፊት ቆዳ የብርሃን ሕክምና ግምገማ

አንድ ዓመት ተኩል ለሚጠጋ ጊዜ ፊቴን ለብርሃን ሕክምና ሰጥቻለሁ። በዚህ ጊዜ ውስጥ ሦስት ነገሮችን ሞክሬአለሁ፤ አንደኛው በውበት ማዕከል የተደረገልኝ አይፒኤል የሚባለው የብልጭታ ብርሃን፣ ሁለተኛው በቆዳ ሐኪም የተሰጠኝ የሌዘር ሕክምና፣ ሦስተኛው ደግሞ ቤት ውስጥ ፊት ላይ የሚደረግ የኤልኢዲ ጭንብል ነው። የመጀመሪያው ጉንጬን አቃጠለኝ፤ ሁለተኛው ለዓመታት ያስጨነቀኝን ነገር አቃለለልኝ፤ ሦስተኛው በመጠኑ ረዳኝ። ማስታወቂያዎች ሦስቱንም በአንድ ስም «የብርሃን ሕክምና» እያሉ ስለሚጠሯቸው፣ እኔም እንደ ብዙ ሰው አንድ ነገር ይመስሉኝ ነበር። ይህን ግምገማ የምጽፈው ሦስቱ እጅግ የተለያዩ መሆናቸውን፣ የውጤታቸውም መልካምነት በአብዛኛው የሚወሰነው መሣሪያው ከመነሳቱ በፊት በሚደረገው ምርመራ መሆኑን በገዛ ቆዳዬ ስላየሁ ነው።

ችግሬ የጀመረው ከአገጬ ነው። በአገጬና በመንጋጋዬ ጠርዝ ላይ ትንንሽ ጥቋቁር ነጠብጣቦች እየበዙ ሄዱ፤ አንዱ ሲደበዝዝ ሌላው ይወጣል፣ በመካከሉም ሲነኩት የሚያም ጠጣር እብጠት አይጠፋም። ቆዳዬ ጠይም ስለሆነ ብጉርም ይሁን ጭረት በዳነ ቁጥር ለወራት የማይለቅ ጥቁር ምልክት ትቶ ይሄዳል። ይህ በጠይምና በጥቁር ቆዳ ላይ የተለመደ ነገር ነው፤ ቆዳው ሲቆጣ ቀለም የሚያመርቱት ሕዋሳት ከልክ በላይ ይሠራሉ፣ ቁስሉ ከዳነም በኋላ ያመረቱት ቀለም እዚያው ይቀራል። በዚያን ጊዜ ግን ይህን አላውቅም ነበር። የምፈልገው ነጠብጣቡ እንዲጠፋልኝ ብቻ ነበር፤ ወደ ውበት ማዕከሉ ስሄድም የተናገርኩት ይህንኑ ነው።

ማዕከሉ ንጹሕ ነው፣ አቀባበሉም መልካም ነበር። ወጣቷ ባለሙያ ፊቴን አጥባ ለአንድ ደቂቃ ያህል ካየችኝ በኋላ አይፒኤል እንደሚስማማኝ ነገረችኝ። የምወስደው መድኃኒት መኖር አለመኖሩን አልጠየቀችኝም፤ በቅርቡ ፀሐይ ላይ ቆይቼ እንደሆነም አልጠየቀችኝም፤ በትንሽ ቦታ ላይ ሞክሮ ውጤቱን መጠበቅ የሚባል ነገር ጭራሽ አልተነሳም። ቀዝቃዛ ጄል ቀባችኝ፣ ጥቁር መነጽር አደረገችልኝ፣ ከዚያም የመሣሪያው ጫፍ ጉንጬ ላይ ሲያርፍ በመነጽሩ ዳርና ዳር የሚገባ ነጭ ብልጭታ ቦግ አለ። ሙቀቱ ወዲያው እንደ መጥፋት ጄሉ ሥር ገብቶ ቆየ። በሦስተኛው ብልጭታ ላይ እንዳቃጠለኝ ስነግራት «አይዞሽ የኔ እህት፣ መጀመሪያ ላይ ሁሉም ሰው እንዲህ ይሰማዋል» ብላኝ ቀጠለች። ክፋት አልነበረባትም፤ ያስተማሯትን ነው የሠራችው። ይሁን እንጂ የማቃጠል ስሜት በአንዱ ብልጭታና በሚቀጥለው መካከል ካልበረደ ሥራው መቆም እንዳለበት ያን ጊዜ የነገረኝ ሰው ቢኖር ኖሮ ከአልጋው እነሳ ነበር።

በዚያው ምሽት መስታወት ፊት ስቆም በቀኝ ጉንጬ አጥንት ላይ በማኅተም የተመቱ የሚመስሉ፣ አራት ማዕዘን ያላቸው ሦስት ምልክቶች አየሁ። የመሣሪያው መስኮት አራት ማዕዘን ስለሆነ ቃጠሎውም ያንኑ ቅርጽ ይዞ ነበር። በማግሥቱ የአንደኛው ጠርዝ ውሃ ቋጠረ፤ ከቀናት በኋላ ቅርፊት ያዘ፤ ቅርፊቱ ሲረግፍም ከሥሩ የወጣው ቆዳ ከቀድሞዎቹ ነጠብጣቦች ሁሉ የጠቆረ ነበር። ወደ ማዕከሉ ተመልሼ ሳሳያቸው «ቆዳሽ በጣም ስስ ስለሆነ ነው» አሉኝ። ይህ መልስ እስካሁን ያንገበግበኛል፤ ጥፋቱን ከመሣሪያው አመራረጥና ከኃይሉ አመጣጠን አንስቶ በደንበኛው አካል ላይ የሚጭን መልስ ነውና። ቆዳዬ ስስ አይደለም። ቀለም ያለው ቆዳ ነው፣ ቀለም ያለው ቆዳ ብርሃንን እንዴት እንደሚቀበል ደግሞ ከታወቀ ቆይቷል።

እ.ኤ.አ. በ1983 ሮክስ አንደርሰንና ጆን ፓሪሽ የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ዛሬ የቆዳ ሌዘር ሁሉ የቆመበትን መርሕ አሳተሙ። መርሑ ሲገለጽ ቀላል ነው። ጥቁርና ነጭ ጨርቅ ጎን ለጎን ፀሐይ ላይ ቢሰጡ ጥቁሩ ቀድሞ እንደሚግል ሁሉ፣ በቆዳ ውስጥም እያንዳንዱ ነገር የሚወስደው የብርሃን ዓይነት የተለያየ ነው፤ ሜላኒን የሚባለው የቆዳና የፀጉር ቀለም፣ በደም ውስጥ ያለው ሄሞግሎቢን እና ውሃ ዋነኞቹ ናቸው። ተፈላጊው ነገር አብዝቶ የሚወስደውን የሞገድ ርዝመት፣ ማለትም አንዱን የብርሃን ቀለም ከሌላው የሚለየውን ልክ መርጦ፣ ብርሃኑንም ያ ነገር ሙቀቱን ወደ ጎረቤቱ ሳያስተላልፍ እንዲያልቅ አድርጎ በአጭሩ መልቀቅ ከተቻለ፣ ዒላማው ይግላል፣ ዙሪያው ግን ይድናል። እንግዲህ የሁለቱ ምርጫ፣ ማለትም የሞገዱ ርዝመትና የብልጭታው ቆይታ፣ ከኃይሉ መጠንና ከማቀዝቀዣው ጋር ተደምሮ ሕክምናውን ሕክምና ያደርገዋል።

ችግሩ ሜላኒን በዒላማው ውስጥ ብቻ ሳይሆን በቆዳው ገጽ ላይም ተዘርግቶ መገኘቱ ነው። በነጣ ቆዳ ላይ ብርሃኑ የላይኛውን ንብርብር አልፎ ወደ ጥቁሩ ነጠብጣብ ወይም ወደ ፀጉሩ ሥር ይደርሳል፤ በጠይም ቆዳ ላይ ግን ገና ከደጃፉ የሚይዘው ሜላኒን ያገኛል፣ ሙቀቱም እዚያው ላይ ይፈስሳል። ሜላኒን አጫጭሮቹን ሞገዶች በኃይል ይወስዳል፤ ሞገዱ እየረዘመ በሄደ ቁጥር የሚወስደው መጠን ይቀንሳል፣ ብርሃኑም ወደ ጥልቁ ይወርዳል። አይፒኤል ደግሞ ሌዘር አይደለም። ሌዘር አንድ የሞገድ ርዝመት ብቻ ሲለቅ፣ አይፒኤል በዜኖን መብራት የሚፈጠር ከ500 እስከ 1200 ናኖሜትር (ናኖሜትር የሜትር አንድ ቢሊዮንኛ ነው) የሚደርስ የተቀላቀለ ብርሃን ነው፤ አጫጭሮቹ ሞገዶች የሚከለከሉት በማጣሪያ ነው፣ ማጣሪያውን የሚመርጠውም ሰው ነው። በእኔ ላይ የትኛው ማጣሪያ እንደተደረገ ብጠይቅ የሚመልስልኝ አላገኘሁም።

ለአይፒኤል ፍትሐዊ መሆን እወዳለሁ። ለተስማማው ቆዳ መልካም መሣሪያ ነው። ቆዳው የነጣ፣ በፀሐይ ብዛት ጠቃጠቆ የወጣበት ወይም በፊቱ ላይ ቀጫጭን የደም ሥሮች የሚታዩበት ሰው ከጥቂት ሳምንታት ልዩነት በሚደረጉ ከሦስት እስከ ስድስት የሚደርሱ ሕክምናዎች ጥሩ ለውጥ ሊያገኝ ይችላል፤ ነጠብጣቦቹ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጠቁረው እንደ ቡና አተላ ፍርፋሪ ሆነው ይቆዩና በሳምንት ወይም ከዚያ ትንሽ በሚበልጥ ጊዜ ይረግፋሉ። አሜሪካዊው የቆዳ ሐኪም ቶማስ ፊትስፓትሪክ እ.ኤ.አ. በ1975 ቆዳን በፀሐይ ላይ በሚያሳየው ምላሽ መሠረት የከፈለበት መለኪያ፣ በኋላ ጠይምና ጥቁር ቆዳ ሲጨመሩበት ስድስት ደረጃ ሆኗል፤ አምስተኛውና ስድስተኛው ደረጃ ላይ ላለ ሰው አይፒኤል በፊት ላይ መጠቀም በአብዛኛው አይመከርም። እኔ አምስተኛው ላይ ነኝ። ይህን ለማወቅ የሚያስፈልገው ጥቂት ጥያቄ ብቻ ነበር።

ከዚያ በኋላ የሄድኩባቸው የቆዳ ሐኪም መሣሪያ ከማንሳታቸው በፊት ሃያ ደቂቃ ያህል ጠየቁኝ። የምወስደውን መድኃኒት ሁሉ፣ ለብጉር አይሶትሬቲኖይን ወይም ዶክሲሳይክሊን ወስጄ እንደሆነ፣ ቁስሌ ሲድን የሚያብጥ ጠባሳ ይተው እንደሆነ፣ ከንፈሬ አካባቢ ሄርፐስ የሚባለው በቫይረስ የሚመጣ፣ ውሃ የሚቋጥር ቁስል ወጥቶብኝ ያውቅ እንደሆነ ጠየቁኝ፤ ቫይረሱ ያለበት ሰው በብርሃንና በሙቀት ሊቀሰቀስበት ስለሚችል አስቀድሞ መድኃኒት ሊሰጠው ይገባልና። ቀጥለው ደርማቶስኮፕ የሚባለውን ብርሃን ያለው ማጉያ አገጬ ላይ አድርገው ቆዩና መስታወት ሰጡኝ። «ነጠብጣቡን ሳይሆን መሐሉን ይመልከቱ» አሉኝ። በእያንዳንዱ ጥቁር ነጠብጣብ ውስጥ ተጠምዝዞ ቆዳው ሥር የገባ ፀጉር ነበር። ለዓመታት በወረንጦ ስነቅላቸው የነበሩት የአገጬ ፀጉሮች ሲመለሱ መውጫ አጥተው ቆዳውን ከውስጥ ይወጉት ነበር፤ እብጠቱም ከዚያ፣ ጥቁሩም ምልክት ከእብጠቱ ይመጣ ነበር።

ይህች ቅጽበት ለእኔ የአገልግሎቱ ሁሉ ዋጋ ናት። የውበት ማዕከሉ ብርሃን ቃጠሎ ባያደርስብኝ እንኳ ቀለሙን አደብዝዞ ፀጉሩን ባለበት ሊተወው ይችል ነበር፣ እኔም ከወር በኋላ አዲስ ነጠብጣብ ይዤ እመለስ ነበር። ሐኪሟ በዚህ አላቆሙም፤ ፀጉሩ መቼ እንደጀመረ፣ የወር አበባዬ ጊዜውን ይጠብቅ እንደሆነ ጠይቀው የሆርሞን የደም ምርመራ አዘዙልኝ፤ በሴት አገጭ ላይ የሚበዛ ፀጉር አንዳንድ ጊዜ የሆርሞን መዛባት ምልክት ስለሆነ፣ ምክንያቱ ሳይታወቅ ብርሃን ቢደረግ ፀጉሩ መመለሱ አይቀርም። የእኔ ውጤት ደህና ነበር። በአንገቴ ላይ ያለችውን፣ እናቴ ማርያም የሳመችሽ እያለች ያሳደገችኝን ጥቁር ምልክት ሳይቀር በማጉያው አይተው በካርዴ ላይ መዘገቧት። ምንነቱ ያልተረጋገጠ ጥቁር ምልክት በብርሃን መነካት የለበትም፤ ካንሰር ቢሆን ቀለሙ ብቻ ጠፍቶ በሽታው ተደብቆ ሊቀጥል ይችላልና።

ሕክምናው ወዲያው አልተጀመረም። የጉንጬ ቃጠሎ እስኪረጋ አራት ወር አስጠበቁኝ፤ በዚያ ጊዜ ጥቁር ምልክት የሚያደበዝዝ አዜላይክ አሲድ ያለው ክሬም እና የመከላከያ መጠኑ 50 የሆነ፣ ቡናማ ቀለም ያለው የፀሐይ መከላከያ ክሬም አዘዙልኝ። ቀለሙ ለጌጥ አይደለም። ጠይም ቆዳን የሚያጠቁረው በዓይን የማይታየው አልትራቫዮሌት ጨረር ብቻ ሳይሆን የሚታየው ብርሃንም ጭምር ነው፤ ይህንን የሚከለክለው በክሬሙ ውስጥ ያለው የብረት ኦክሳይድ የሚባል ቀለም ነው፣ ነጩ ወይም ቀለም አልባው ክሬም እምብዛም አያቆመውም። ወረንጦውንም አስጣሉኝ። የሌዘሩ ዒላማ በሥሩ ያለው ፀጉር ስለሆነ የተነቀለ ፀጉር የሚመታ ነገር አይተውም፤ መላጨት ግን ሥሩን ስለማይነካ ይፈቀዳል። አገጬን በምላጭ መላጨት ከሁሉ ከብዶኝ ነበር፤ ፀጉሩ ይወፍራል የሚለው ፍርሃት ከልጅነት ጀምሮ አብሮን ያደገ ነው፣ እውነትነት ግን የለውም።

የተመረጠልኝ ኤንዲ-ያግ የተባለው፣ 1064 ናኖሜትር የሞገድ ርዝመት ያለው ሌዘር ነው። ይህ ሞገድ በዓይን የማይታይ ታህተ ቀይ ነው፤ ሜላኒን ከሌሎቹ የፀጉር ሌዘሮች፣ ከ755ቱም ከ810ሩም ናኖሜትር ያነሰ ስለሚወስደው የቆዳውን ገጽ በመጠኑ አልፎ ወደ ፀጉሩ ሥር ይወርዳል። የብልጭታው ቆይታም ረዘም ተደርጎ በአሥር ቤት በሚቆጠር ሚሊ ሰከንድ ይለቀቃል፤ በዚህ ጊዜ ገጹ ላይ ያሉት ደቃቅ የቀለም ቅንጣቶች ሙቀታቸውን እየሰጡ ይቀዘቅዛሉ፣ ወፍራሙ የፀጉር ሥር ግን ሙቀቱን ይዞ ይቆያል። በመጀመሪያ ከመንጋጋዬ ሥር በማይታይ ቦታ ሁለት ትንንሽ ሙከራዎች ተደረጉልኝ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላም ቦታው ታይቶ ነው ሥራው የተፈቀደው።

የመጀመሪያው ቀን ስሜት አሁንም ይታወሰኛል። የቀዘቀዘው የመሣሪያው የመስታወት ጫፍ አገጬ ላይ ሲያርፍ በረዶ የነካኝ ያህል ነበር፤ ወዲያው የጋለ መርፌ ጫፍ ወግቶ እንደሚነሳ ያለ ሕመም፣ ከዚያ እንደገና ቅዝቃዜ። ክፍሉን የተለበለበ ፀጉር ሽታ ሞላው። ሕመሙ ከአይፒኤሉ ይበልጥ ስለታም ነው፣ ነገር ግን አይቆይም፤ በዚህ ነው ልዩነቱን ያወቅሁት። ሲጨርሱ በየፀጉሩ መውጫ ዙሪያ ችፍ ያለ ትንሽ እብጠት ታየ፤ ሐኪሟ ይህን አይተው ደስ አላቸው፣ ሥሩ መመታቱን የሚያሳይ ምልክት ነውና። በማግሥቱ ጠፋ።

ሌዘሩ በእድገት ላይ ያለውን ፀጉር ብቻ ስለሚመታ፣ በአንድ ጊዜ ደግሞ ሁሉም ፀጉር በእድገት ላይ ስለማይሆን፣ አንድ ሕክምና በቂ አይደለም፤ ለእኔ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ባለው ልዩነት ስድስት ጊዜ ተደርጎልኛል። እስከ ሁለተኛው ድረስ ብዙ ለውጥ አላየሁም። ከሦስተኛው በኋላ አዲስ እብጠት መውጣቱ ቀነሰ፤ ነጠብጣቦቹን በቀጥታ የነካ ብርሃን ሳይኖር አዲስ ስላልተጨመረባቸው ብቻ አሮጌዎቹ በየወሩ እየደበዘዙ ሄዱ። ማስታወቂያዎች ለዘለዓለም ይጠፋል ይላሉ፤ ትክክለኛው ቃል ይቀንሳል ነው፣ በየጊዜውም ጥገና ያስፈልገዋል። የሸበተ ፀጉር ሜላኒን ስለሌለው ሌዘሩ አያገኘውም። በጥቂት ሰዎች ላይም፣ በተለይ በፊትና በአንገት፣ ብርሃኑ ፀጉሩን በመቀነስ ፈንታ ሊያበዛው ይችላል፤ ይህን አስቀድመው የነገሩኝ ሐኪሟ ብቻ ናቸው።

ስለ ዓይን ጠንከር አድርጌ መናገር እፈልጋለሁ። ዓይንን መጨፈን መከላከያ አይደለም። የ1064 ናኖሜትሩ ጨረር ስለማይታይ ዓይን እንዲርገበገብ አያስጠነቅቅም፣ እስከ ዓይን ውስጠኛው ግድግዳ ድረስም ይደርሳል፤ አይፒኤልም ቢሆን ለዓይን ቅርብ ሆኖ ሲሠራ የዓይንን ባለቀለም ክፍል እንደጎዳ በሕክምና ጽሑፎች ተመዝግቧል። በሐኪሟ ዘንድ ብርሃን የማያሳልፍ ሽፋን ዓይኖቼ ላይ በልክ ተገጥሞልኛል፣ በክፍሉ ያሉት ሁሉም ለዚያው ሞገድ የተሠራ መነጽር አድርገዋል፣ ቅንድቤ ሥርና የዓይኔ ቆብ ጨርሶ አልተነካም። በውበት ማዕከሉ የተሰጠኝ መነጽር ግን በጎኑ ብርሃን ያስገባ ነበር።

የኤልኢዲ ጭንብሉ ነገር ቀለል ያለ ነው። ይህ ብርሃን ምንም አያቃጥልም፤ ሥራው በሙቀት አይደለምና። 415 ናኖሜትር የሚጠጋው ሰማያዊ ብርሃን የብጉር ባክቴሪያ የሚሠራውን ፖርፊሪን የተባለ ነገር ቀስቅሶ ባክቴሪያውን ይጎዳል፤ 633 ናኖሜትር አካባቢ ያለው ቀዩ ደግሞ የቆዳን ቁጣ ያበርዳል ተብሎ ይሰጣል። የቤቱ ጭንብል ከክሊኒኩ መሣሪያ ኃይሉ ያነሰ ስለሆነ ትዕግሥት ይጠይቃል። ሐኪሟ ሰማያዊው ብርሃን ጠይም ቆዳን ሊያጠቁር ስለሚችል ቀዩን ብቻ እንድጠቀም መከሩኝ፤ በሳምንት አምስት ቀን ለአሥር ደቂቃ ያህል ለሦስት ወር ተጠቀምኩበት። በግንባሬ ላይ የሚወጡት የሚያምሙ ብጉሮች አንሰዋል፤ በነጠብጣቦቹና በጉንጬ ላይ ግን ያየሁት ለውጥ የለም። የዓይን መሸፈኛው ልል ስለሆነ ከሥሩ ሌላ ጨርቅ ማሰር ነበረብኝ፣ ይህም የምርቱ ጉድለት ነው።

ማድያት ያለባቸው ሰዎች ከሁሉ ይበልጥ መጠንቀቅ አለባቸው። ማድያትን ፀሐይ ብቻ ሳይሆን ሙቀትም ያባብሰዋል፤ በብርሃን ከደበዘዘ በኋላ ከቀድሞው በርትቶ የተመለሰባቸው ብዙ ናቸው፣ ስለዚህ መከላከያና ክሬም ሳይቀድም ወደ ብርሃን መሮጥ አይገባም። ቆዳውን በነጠብጣብ በነጠብጣብ የሚበሳው ፍራክሽናል ሌዘር ለብጉር ጠባሳ ጉድጓድ ይረዳል፤ በጠይም ቆዳ ላይ ግን ማጥቆሩ የታወቀ ስለሆነ ሐኪሟ ለእኔ አልመከሩትም፣ እኔም አልሞከርኩትም።

ስለ ክሊኒኩ የማማርረው አንድ ነገር ነው። የቀጠሮ ሰዓት አይከበርም፤ ሁለት ጊዜ ከአንድ ሰዓት በላይ ጠብቄአለሁ። የምርመራው ጥራት ግን ይህን አስረስቶኛል፤ በየቀጠሮው የተጠቀሙበት የኃይል መጠን፣ የብልጭታው ቆይታ፣ የቆዳዬ ምላሽ ሁሉ በካርዴ ላይ ይጻፋል፣ ብጠይቅም ያሳዩኛል።

በስድስተኛው ሕክምና መጨረሻ ሐኪሟ የመጀመሪያውን ቀን ፎቶግራፍ ከዕለቱ ጋር ጎን ለጎን አድርገው አሳዩኝ፤ ሁለቱም በአንድ ወንበር፣ በአንድ መብራት፣ ያለ ምንም ቅባት የተነሱ ናቸው። አገጬ ላይ ከሃያ በላይ ይቆጠሩ ከነበሩት ነጠብጣቦች የቀሩት አራት ናቸው። ሁለቱ የጉንጬ ምልክቶች ጠፍተዋል፤ የሦስተኛው አንድ ማዕዘን ግን ብርሃን ከጎን ሲመጣ አሁንም ይታያል። ሐኪሟ ያንን ቦታ በካርዴ ላይ በቀይ ከበው «አይነካ» ብለው ጽፈውበታል፤ የሚቀጥለው ቀጠሮዬም ከስድስት ወር በኋላ ነው።